የመስኖ ውሃ አይጠጣም

ሙያዬ መስኖ ማጥናት ነው። ውሃው ከየት ተነስቶ፣ በየት አልፎ፣ የማን ማሳ ላይ እንደሚደርስ አሰላለሁ፣ እነድፋለሁ። ከሥራዎቼ አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ሩቅ ናቸው። ፀጉሬን ያሸበተው ግን ከቢሮዬ በአንድ ታክሲ የሚደረስበት የአቃቂው ሥራ ነው።

ከአቃቂ ወረድ ብሎ፣ ወንዙን ተከትለው አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ። አባቶቻቸው ጤፍና ሽምብራ ያርሱበት የነበረው መሬት መጋዘንና ፋብሪካ ሆኖ ለእነሱ የቀረው የወንዝ ዳር ቁራጭ ነው። እሱ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይተክላሉ፤ ከወንዙ በሞተር እየሳቡ ያጠጣሉ። ወንዙ በፋብሪካዎቹ ፍሳሽ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን ደም መስሎ ይወርዳል። ገበያ ላይ ሰው ጎመኑን አገላብጦ ያያል፣ «የአቃቂ ነው?» ይላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋል።

ስለዚህ ፕሮጀክት ተቀረጸ። ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ውሃው ከፍ ባለ ቦታ ላይ በሚሠራ ታንከር ይጠራቀማል፣ ከዚያ በቱቦ ወደ ማሳዎቹ ይወርዳል። ጥናቱ ለእኔ ሲሰጠኝ ደስ አለኝ። ያደግሁት እዚያው አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የማውቀው ሰፈር ውስጥ ልሠራ ነው ብዬ ተደሰትኩ። የምታውቀው ሰፈር ውስጥ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ በገበሬዎቹ ማኅበር የቆርቆሮ አዳራሽ ተደረገ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ባላቸው ከሞቱ በኋላ ማሳውን ራሳቸው ይዘው ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ ከዳር እስከ ዳር የሚሰሙ እናት ናቸው። ካርታዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳስረዳ አንዴም ሳያቋርጡ አዳመጡኝ። ስጨርስ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ የጉድጓድ ውሃ ይጠጣል?»

«አዎ እማማ። ተመርምሯል፤ ንጹህ ነው።»

«እንግዲያው ቦኖው የት ጋ ነው?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰፈሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው ደግሞ እንዳሰኘው ይመጣል፣ እንዳሰኘው ይቀራል። በሌላው ቀን ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው በባጃጅ ሌላ ሰፈር ድረስ ይሄዳሉ። እኔ ስለ ቱቦ ስፋት ሳወራ እነሱ ያ ሁሉ ውሃ በደጃቸው አልፎ ጎመን ሊጠጣው መሆኑ ነው የታያቸው። ምን ይፈረድባቸዋል? «እጠይቃለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ክፋት የሌላቸው ሰው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር።

«እኛ መስኖ ነን» አሉኝ ረጋ ብለው። «የመጠጥ ውሃ ሌላ ዘርፍ ነው። የመስኖ ውሃ አይጠጣም።»

«ጋሼ፣ ያው አንድ ውሃ እኮ ነው። ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚወጣው።»

«ጉድጓዱ የመስኖ ነዋ!»

ወደ መጠጥ ውሃው ዘርፍ ሄድኩ። ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ በሙሉ ልቡ አዳመጠኝ። «ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛ ብንሆን ኖሮ ነገውኑ ቦኖ እንተክልላቸው ነበር» አለ። «እናንተ ከቆፈራችሁት ግን የመስኖ ነው። የመስኖ ውሃ ደግሞ…»

«አይጠጣም» ብዬ ጨረስኩለት። የተስማማሁ መስሎት እጄን ጨብጦ ሸኘኝ።

ስመለስ ቃሊቲ ላይ ገልባጭ መኪኖች መንገዱን ዘግተውት ሚኒባሱ ቆመ። ለማረሚያ ቤት ስንቅ ከያዙ ሴቶች መሀል ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ከንዴቴ ብዛት ብቻዬን ማውራት ጀምሬ ኖሮ፣ አጠገቤ ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝና ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ። «አይዞሽ እህቴ» አለችኝ፤ «ተፈረደበት?»

ምን ብዬ ልመልስላት? «ገና ነው» አልኳት።

ቀጥሎ ደግሞ «አሳታፊ ዕቅድ» የሚባለው ነገር መጣ። ገንዘቡን ከሚሰጡት ሰዎች የተላከ አንድ አሠልጣኝ ባለ ቀለም ካርዶች ይዞ መጥቶ ገበሬዎቹን በቡድን ከፈላቸው። «የሚያስፈልጋችሁን በነፃነት ሳሉ» አላቸው። በነፃነት ሳሉ። ሁሉም ቡድን ቦኖ ሳለ፤ ሊቀመንበሯማ ቦኖው ሥር ጀሪካን ጨምረውበት፣ ከጀሪካኑም ውሃ ሞልቶ እንዲፈስ አድርገው ነበር። ማታውን አሠልጣኙ ውጤቱን ሲያጠቃልል «ኅብረተሰቡ ለመስኖ ያለው ፍላጎት ከፍተኛ ነው» አለ።

«ሰዎቹ የሳሉት እኮ ቦኖ ነው» አልኩት።

«ልክ ነሽ። እሱን ‹ሌሎች› የሚለው ውስጥ አካተነዋል።»

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ውሃው ሲፈናጠር ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ እልልታው ከፋብሪካው ድምፅ በላይ ተሰማ። እኔም ሙያዬን በወደድኩበት በዚያ ቀን ከሰዎቹ ጋር በስብሻለሁ። ታንከሩ ቆመ፣ ቱቦው በቤቶቹ ጀርባ አልፎ እስከ ማሳዎቹ ተቀበረ። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ሊቀመንበሯ ናቸው።

«ልጄ ድረሽ! ቱቦውን ቆርጠውታል! ጎመኔ ሊደርቅ ነው!»

ሥራዬን ጥዬ በረርኩ። ቱቦው በቤቶቹ ጀርባ በሚያልፍበት ቦታ ተቆፍሮ ተቆርጧል፤ በተቆረጠው ላይ ጎማ ተሰክቷል፤ የጀሪካኑ ሰልፍ እስከ መታጠፊያው ይደርሳል። ሊቀመንበሯ ሰልፉ ዳር ቆመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይጮኻሉ። ሰልፉን ሳይ ከፊተኞቹ መሀል የማውቃትን ሴት አየሁ።

«እማማ፣ ይቺ ምራትዎ አይደለችም እንዴ?»

«ናትስ» አሉኝ ምንም ሳይደነግጡ። «ቤቴ ውሃ አይጠጣ ነው የምትይኝ?»

«አሁን ቱቦው ተቆረጠ ብለው ሲጮኹ አልነበር?»

«የጮህኩት ለጎመኑ ነው። ለጎመኔ ብጮህ ማን ይከለክለኛል?»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ነበር ያማረኝ። ምክንያቱም ልክ ናቸው፤ ለጎመናቸውም ልክ ናቸው፣ ለቤታቸውም ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ የጎመን እንጂ የሰው መሐንዲስ አይደለሽም ተብያለሁ።

ቢሮው ነገሩን «ስርቆት» አለው። ቱቦው ተጠገነ፣ ጥበቃ ተቀጠረ። ጥበቃው የዚያው ሰፈር ሰው ነበር፤ ሚስቱም እንደ ሰው ሁሉ ጀሪካን አላት። ቱቦው እንደገና ተቆረጠ። እንደገና ተጠገነ። ታች ያሉት ገበሬዎች ጠብታ ሳይደርሳቸው ሲቀር ሞተራቸውን መልሰው ቀዩ ወንዝ ውስጥ ጨመሩ። ያ ሁሉ ልፋት ጎመኑን ከዚያ ወንዝ ለማላቀቅ ነበር።

ያን ቀን ቢሮ ገብቼ ማንንም ሳላናግር መሳል ጀመርኩ። ቱቦው በሚቆረጥበት ቦታ ላይ አንድ የኮንክሪት ሳጥን አቆምኩ፣ በጎኑ የውሃ መውጫዎች አደረግሁለት፤ በየመውጫው መክፈቻና መዝጊያ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ የሲሚንቶ መደብ። ራስጌው ላይ «ማከፋፈያ» ብዬ ጻፍኩበት። መስኖ ላይ ማከፋፈያ የሌለበት ቦታ የለም፤ ውሃው ወደየማሳው የሚለያይበት ነው። ንድፉን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ቦኖ ነው» አሉኝ።

«ማከፋፈያ ነው ጋሼ።»

«መውጫዎቹ ለምን ወገብ ድረስ ከፍ አሉ?»

«ደለል እንዳይደፍናቸው።»

«ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ውስጥ ምን ደለል አለ?»

ንድፉን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። ዓይኔ ሊያነባ ደርሶ ነበር፤ ያንን ሳያዩ አይቀሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉና፣ «ደለል መጥፎ ነገር ነው» ብለው ፈረሙበት።

ማከፋፈያው ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ቱቦውን የቆረጠ ሰው የለም። ማኅበሩ ጠዋት ጠዋት ለጀሪካን፣ ከዚያ በኋላ ለማሳ ብሎ ደነገገ፤ በየቀኑም በዚሁ ይጣላሉ። ሊቀመንበሯ ጠዋት ከሰፈሩ ሴቶች ጎን፣ ከሰዓት ከገበሬዎቹ ጎን ሆነው ይከራከራሉ፤ በሁለቱም በኩል የሚረታቸው አልተገኘም።

ቆይቶ የገንዘብ ሰጪዎቹ ጉብኝት መጣ። እንቅልፍ አጣሁ። እንግዶቹ ሲደርሱ ሴቶቹ መደቡ ላይ ብርድ ልብስ እያጠቡ ነበር፤ የሳሙናው አረፋ እስከ መንገዱ ወርዷል። የቡድኑ መሪ ቆም ብላ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «ማከፋፈያ» ልል አፌን ከፈትኩ። ሥራ አስኪያጃችን ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ፊት ወጡ።

«ይህ» አሉ፣ «ፕሮጀክቱ ከጅምሩ የኅብረተሰቡን የመጠጥ ውሃ ችግር ታሳቢ አድርጎ የታቀደ መሆኑን ያሳያል።»

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ሊቀመንበሯ ከኋላዬ ሆነው፣ «እኚህ ሰውዬ ጎበዝ ናቸው» አሉኝ። ከምራቸው ይሁን ለቀልድ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አሁን በየሄድኩበት ሥራ ሁሉ «የአቃቂውን ዓይነት ማከፋፈያ» እንድጨምር ታዝዣለሁ። ባለፈው ጊዜ፣ ምንጭ በየጓሮው የሚፈልቅበት ቀበሌ ሄጄ እንኳ እሱን አስገቢ ተብያለሁ። እዚያ ሰዎቹ የለመኑኝ በክረምት ልጆቻቸው ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር። ድልድይ ሌላ ዘርፍ ነው።

የአቃቂው ጎመን ግን ጥሩ ነው፤ ከአንገት በላይ አይደለም የምለው። የጉድጓዱ ፓምፕ የሚሠራው በመብራት ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለቱም ወገን ውሃ ያጣል። ያኔ ሊቀመንበሯ ይደውሉልኛል።

«ልጄ፣ መብራት የለም።»

«እማማ፣ እኔ እኮ መብራት አይደለሁም።»

«አውቃለሁ» ይሉኛል። «አንቺ ግን ስልክ ታነሻለሽ።»