በድንጋዮቹ መካከል ያለው ጦስኝ

አላህ ይዘንላቸውና ባለቤቴ ከገራዶ በተመለሱ ቁጥር በከረጢት ድንጋይ ይዘው ይመጡ ነበር። የደሴ ጎረቤቶቻችን «ጋሼ፣ እዚህ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው ግን ድንጋዩን ጓሯችን ውስጥ ይደረድሩና በየስንጥቁ ጦስኝ ይተክላሉ። «ተክልን የሚገድለው ብርድ አይደለም፤ ሥሩ ላይ የተኛ ውሃ ነው» ይሉኝ ነበር።

በበጋ አረፉ። ጦስኙም ደረቀ። መስከረም ሲጠባ ታናሽ ወንድማቸው ድንጋዩን አንስቶ በቦታው የሚከራይ ክፍል ሊሠራ ከኮምቦልቻ ሠራተኞች ይዞ መጣ።

«እትዬ፣ የደረቀ ቁጥቋጦ ምን ያደርግልሻል?»

«ጎንበስ ብለህ እየው» አልኩት። ከደረቀው ጦስኝ ሥር በክረምቱ ዝናብ አዲስ ቅጠል አቆጥቁጦ፣ በድንጋዮቹ መካከል ሐምራዊ አበባ ፈክቷል።

«አበባ አይበላ!»

«ወላሂ፣ ማንሳት ካማረህ ከኔ ጀምር!» ብዬ መሀል ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የእሳቸው መቀመጫ ነበር፤ ካረፉ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ሠራተኞቹ ዲጅኗቸውን አስቀመጡ፤ እሱም እያጉረመረመ ሄደ።

ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ይምጣ። ጎረቤትም «ድንጋይ ላይ ተጥዳ ትውላለች» ካለ ይበል። በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ እዚያው ነኝ። አልነሳም።