ከቡሬ ያመለጠችው ፊኛ

በደርግ ጊዜ ቡሬ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። አንድ ቀን የባትሪ ድንጋይ ቅርፊትና የመኪና ባትሪ አሲድ አገናኝቼ ሃይድሮጂን አወጣሁና ቀይ ፊኛ ሞላሁበት። “ይህ ጋዝ ከአየር ይቀላል፤ ወደፊት አውሮፕላን የሚበረው በዚህ ነው” ስል ፊኛዋ ከእጄ አመለጠችና በመስኮት ወጣች። ተማሪው አጨበጨበ፤ እሷ ገበያውን ተሻግራ ሄደች።

ሰዓት ሳይሞላ አንድ አብዮት ጠባቂ መጥቶ ቀበሌ ወሰደኝ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት።

“አንተ! ምን መልእክት ነው የላክኽባት?”

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ጋዝ ብቻ ናት።”

“ወዴት ነው የላክኻት?”

“እኔ አልላክኋትም፤ ነፋሱ በሽንዲ በኩል ወሰዳት።”

“ከሽንዲስ ወዴት ትሄዳለች?”

“ነፋሱ ካልተለወጠ... ወደ ሱዳን።”

ያን ጊዜ ወደ ሱዳን የሚሄደው ከመንግሥት የሚሸሽ ሰው ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጠባቂውን ወደ ውጭ ላኩት፤ በሩን ራሳቸው ዘጉት። ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ድንገት አንቱ አሉኝ፦

“ለመሆኑ መምህር፣ ተለቅ አድርገው ቢሠሯት እኔን ትችለኛለች?”