በእጅ የሚቀየር ማርሽ

ሁለት በሬ ሸጬ ሞተር ሳይክል የገዛሁ ሰሞን አጎቴ ከዋጃ ድረስ መጥቶ እናቴን፣ “ልጅሽ አብዷል ወይ?” አላት። በሬዎቹን የወረስኳቸው ከአባቴ ነው። እኔ ግን ሞፈር ጨብጬ ከበሬ ኋላ የምሄድ ሰው አልነበርኩም። በአራት ዓመቴ የያዘኝ ትኩሳት ግራ እግሬን አልፈስፍሶ ስለተወው፣ የቆቦን ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማቋረጥ እንኳ ምርኩዝ ይዤ ሦስት ጊዜ አርፍ ነበር። እናቴ አጎቴን ቀና ብላ አየችውና፣ “በሬ አላራመደው፤ ብረቱ ካራመደው አላህ ይሁነው” አለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ በሬዎቹ አልተነሳም።

ሞተሯ የጉድጓድ ውሃ ሲያጠኑ ከቆዩ ፈረንጆች የተረፈች ነበረች። ከፍ ያለች፣ ጎማዋ ጥርሳም፣ ከአስፋልት ይልቅ ለአሸዋና ለድንጋይ የተሠራች። አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ማርሽዋ የሚቀየረው በግራ እግር ነው። ስለዚህ በጭነት መኪና አስጭኜ ሮቢት ወዳለ አንድ በያጅ ወሰድኳት። ሰውየው አንዴ እግሬን፣ አንዴ ሞተሯን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

“ወንድሜ፣ ይቺ ላንተ አትሆንም።”

“እንድትሆን አድርጋታ!”

ሦስት ቀን ደከመባት። ከማርሽ ፔዳሉ ተነስቶ በቤንዚን ጋኑ ጎን ሽቅብ የሚወጣ ዘንግ በየደላት። በግራ እጄ ፍሪሲዮን ይዤ፣ ቀኝ እጄን ከቤንዚን መስጫው ላይ አንስቼ፣ በጋኑ ላይ ተሻግሬ ዘንጉን እስባለሁ። ለማንም የማይመች፣ ለእኔ ግን ልክ የሆነ ነገር ነበር።

አወዳደቄን የቆቦ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለመማር ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው ሜዳ እወጣና ከግራር ግራር እጋጫለሁ። ከሁሉ ያስቸገረኝ ጎሊና ነው። በበጋ ወንዙ ሰፊ አሸዋ ይሆናል። አሸዋ ላይ ማርሽ ልቀይር ብዬ እጄን ባነሳሁ ቁጥር ኃይሏ ይቀንስና ጎማዋ ይሰምጣል። ከብዙ መውደቅ በኋላ ገባኝ፤ ገና ከዳር ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ከትቼ፣ ወደ ኋላ ተደላድዬ፣ ማዶ እስክደርስ ቤንዚን አለመቀነስ። አሸዋ የሚያመነታ ሰው አይወድም። ይህን ካወቅኩ በኋላ የግመል መንገድ ይዤ እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ እጋልብ ጀመር። ከንፈሬ በአቧራ ተሰነጣጥቆ፣ ጀርባዬ በላብ ርሶ ስመለስ፣ እግራቸው የሞላ ሰዎች ጥላ ሥር ተቀምጠው ያዩኛል። ሰላም ብያቸው አልፋለሁ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከጎሊና ማዶ ያለችውን መንደር የሚፈልጋት አስተማሪ ጠፋ። ሩቅ ናት፤ ሐሩሩ አይቻልም። እኔ እጄን አወጣሁ። ጥቁር ሰሌዳውን ከኋላዬ አስሬ በሳምንት አራት ቀን እመላለስ ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ፊደሉን ሲጠሩ ከወጣቶቹ ሁሉ ድምፃቸው ይበልጥ ነበር።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ።

“ሞተሯ ለአብዮቱ ሥራ ትፈለጋለች። አንተን ከተማ ውስጥ መድበንሃል፤ ከእንግዲህ አትንገላታም።”

“ተንገላታሁ ብዬ ከሰስኩ እንዴ፣ ጓድ ሊቀመንበር?”

“ላንተው ታስቦ ነው።”

“ይቺ እኮ እግሬ ናት።”

“ንብረት እንጂ እግር አይደለችም!”

“እንግዲያው ንብረት ከሆነ ይሄንንም ይጨምሩበት” ብዬ ምርኩዜን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩለት። ግድግዳ እየተደገፍኩ ወጣሁ። ፈርቻለሁ፤ በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ተወስዶ የቀረ ሰው አለ። ግን ምርኩዜን ተመልሼ አልወሰድኩም።

በማግሥቱ የአብዮት ጥበቃ አዛዡ፣ “ወታደር ቤት ሞተር ስነዳ ኖሬያለሁ” ብሎ አስነስቷት ሄደ። ገና ቀትር ሳይሆን አቧራ ለብሶ በእግሩ ተመለሰ። ጎሊና መካከል ዘንጉን ፍለጋ እጁን ሲያነሳ ሰምጣበት ነበር። በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ እዚያ ከዘነበ ጎርፉ ሳይቆይ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበሩ ምርኩዜን በሰው አስይዞ ላከልኝ። “ሄዶ ያውጣት” ነው መልእክቱ።

በበቅሎ ጭነው ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ወሰዱኝ። ሞተሯ እስከ ሰንሰለቷ ተቀብራለች። ከጎማዎቹ ጥቂት አየር አስወጣሁ፤ ጥበቃዎቹ አሸዋውን ዝቀው ቅርንጫፍ እንዲያነጥፉ አደረግኩ። ከዚያ ወጣሁባትና አስነስቼ ሁለተኛ ማርሽ ከተትኩ። አንዱ ከኋላ እየገፋኝ፣ “በዚህ በኩል ነው ከተማው!” ብሎ ጮኸ።

“አውቃለሁ!” አልኩት። “ዛሬ ግን የትምህርት ቀን ነው።”

ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ተማሪዎቼ ቀርቷል ብለው ሊበተኑ ሲሉ ደረስኩ። ጥቁር ሰሌዳ ስላልነበረኝ ያን ቀን መሬት ላይ በእንጨት እየጻፍን ተማርን። ጎርፉ መጥቶ ሲያልፍ ጠብቄ፣ በድንጋያማው መሻገሪያ በኩል ዞሬ፣ በራሴ ጊዜ ቀበሌው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሞተሯን ግቢው ውስጥ አቆሙ፤ እኔን ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ።

ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። እናቴ ምግብ ስታቀብለኝ አንድም ቀን አላለቀሰችም። በዘጠነኛው ቀን በር ላይ ጫጫታ ሰማሁ። የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ አሮጊቷ ከፊት።

ሊቀመንበሩ፣ “ሌላ አስተማሪ ተልኮላችኋል፤ ለምን አትማሩም?” ይላቸዋል።

“እሱ አንዴ መጣ፣ ሁለተኛ አላየነውም” አሉት አሮጊቷ። “ሐሩሩ ከበደው መሰል።”

“ፈተናው እኮ ደርሷል! ከአውራጃ ሰው ይመጣል!”

“ይምጣ። ወላሂ፣ ልጄን ካልፈታህ ‘ሀ’ን ጠርተን አናሳየውም።”

ፈተናውን ምን ያህል እንደሚፈራ ድምፁ ያስታውቅ ነበር። ሲመሽ በሩ ተከፈተ። ሞተሯን መለሰልኝ፤ ግን ጋኗ ላይ በቀይ ቀለም “መሃይምነት ይጥፋ” አስጽፎበት ነበር። አልተቃወምኩም፤ መንዳቴን ብቻ ነው የፈለግኩት።

የጎሊና አሸዋና የግራሩ እሾህ ግን ቀለም አይምርም። ወር ሳይሞላ የመጀመሪያው ቃል ተፍቆ አለቀ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አስቁሞኝ ጋኑን አነበበና ፊቱ ተለዋወጠ።

“‘ይጥፋ’ ይላል። ማን ነው የሚጠፋው?”

“እኔ አልጻፍኩትም” አልኩት፤ ዘንጉንም ስቤ ወደ ዞብል ነዳሁ።