ያላነበብኩት ቃሌ

ያን ጊዜ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቦሌ፣ መንገድ ዳር፣ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ስሸጥ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ለዚያች ለአንዷ ጥያቄ ስንት ወር ታሰርኩ።

ያስገቡኝ ከባለቤቱ የተወረሰ ቪላ ጋራዥ ውስጥ ነው። ወለሉ የሞተር ዘይት ይሸታል፤ አውሮፕላን ሲያርፍ የቆርቆሮው በር ይንቀጠቀጣል። አጠገቤ የሚተኙትን እናት ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

«ልጄ፣ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ» አሉኝ። «እኔ ማንበብ አልችል፣ ጣቴን ይዘው አስፈረሙኝ። ምን ብዬ እንዳመንኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

በማግስቱ ተጠራሁ። መርማሪው ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዝዞ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«አውራ ጣትሽን አምጪ።»

«ምን ይላል፣ ጓድ?»

«የሰጠሽው ቃል ነው።»

«እኔ ምንም ቃል አልሰጠሁም። እስቲ ላንብበው።»

ሳቀ። «ጉልት ቸርቻሪዋ! ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ አንባቢ የሆንሽው?»

ፊደል የለየሁት በራሴ ነው፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ። ጧት ማታ «መሃይምነትን እናጥፋ» የሚል መንግሥት፣ ስለ ራሴ የተጻፈውን ላንብብ ስል ምን አሳቀው?

«የመንግሥት ምስጢር ነው» አለኝ።

«ስለ እኔ ተጽፎ ከእኔ የሚደበቅ፣ ይሄ ምን የሚሉት ምስጢር ነው?»

በጥፊ አጮለኝ። እጄን ጨምድዶ ቀለሙ ላይ ጫነው። ወደ ወረቀቱ ሲጎትተኝ ጣቴን አስመልጬ በቀሚሴ ጠረግኩት። ደግሞ ያዘኝ፤ ደግሜ ጠረግኩ። በመጨረሻ «እዚሁ ትበሰብሻታለሽ!» ብሎ አስወጣኝ።

እትዬ ቀሚሴን ሲያዩ «ውይ በሞትኩት! ቀሚስሽ ነው የፈረመው? እንግዲያው እሱን ይክሰሱት!» አሉ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ አፍነው ሳቁ።

ከወራት በኋላ፣ ለምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ፣ «ሂጂ» ተባልኩ። ደርግ ከወደቀ ወዲያ ፋይሌን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። «የለም» አሉኝ። የሆነ መደርደሪያ ላይ ያላልኩትን ብያለሁ የሚል ወረቀት ይኖራል ብዬ ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለ ራሴ የተጻፈውን ለማየት ደጅ መጥናት ነበረብኝ?

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ በቀበሌ ስብሰባ የቀረበለት ወረቀት ላይ ሁሉ ዝም ብሎ ጣቱን ያሳርፍ ነበር። እኔ ከተፈታሁ በኋላ ግን «መጀመሪያ ይነበብልኝ» ማለት ጀመረ። ካልተነበበለት እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ፣ ከስብሰባው ተነስቶ ወደ ቤቱ ይመጣ ነበር።