የሮሳ አበባ በእናቴ ጥልፍ

የስፌት መኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሰው አገር፣ ፍሩትቬል በሚባለው ሰፈር የነበረው ጠባብ ቤታችን ይታወሰኛል። እናቴ በሥራ ቀን ሆቴል ስታጸዳ ትውልና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ እኔም ከሥሯ ቁጭ ብዬ የወዳደቀውን ክር በየቀለሙ እለይ ነበር።

በዚያ አገር ዝናብ በሚበዛበት በጥር ወር ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ የምትኖረው ሜክሲኳዊቷ ሮሳ ቤት ወርጄ ከልጇ ጋር እጫወት ነበር። ሮሳ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በነጭ ሸሚዝ ደረት ላይ አበባ ትጠልፍ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ልትወስደኝ መጥታ፣ በሩ ላይ እንደቆመች ያንን አበባ ትክ ብላ ስታየው ቆየች፤ ቤት እንደገባንም ያገኘችው ወረቀት ጀርባ ላይ ሳለችው።

በጸደይ የአክስቴ ልጅ ሔለን ሳን ሆዜ ከተማ ልትዳር ሆነና የሙሽራ ቀሚሷን ስፌት እናቴ ያዘች። በቀሚሱ የመስቀል ጥልፍ ዙሪያ የሮሳን አበባ ስታስገባበት አየሁ፤ በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት የሰው ሥራ መገልበጥ ሌብነት ነው ተብለን ነበር።

«እማዬ፣ ዲዛይኑ እኮ የሷ ነው፤ ኮፒ አደረግሽው?» አልኳት።

«አይቼ ወደድኩት፤ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ፤ መርፌዋ ግን ቆመ።

በማግስቱ ብቻዬን ወርጄ ሁሉንም ለሮሳ ነገርኳት፤ እናቴን አሳልፌ የሰጠኋት መስሎኝ አለቅስ ነበር። ሮሳ ተከትላኝ ወጣች። እናቴ በሩን ከፍታ ስታያት ደነገጠች። ሮሳ ቀሚሱን ገልብጣ በውስጥ በኩል አየችውና ቅጠሉ የተጠለፈበት መንገድ ልክ እንዳልሆነ፣ ቶሎ እንደሚተረተር በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ እኔ ተረጎምኩ። ከዚያም መርፌውን ተቀብላ አሳየቻት። እናቴ ሁለቴ ሞክራ ፈታችው፣ በሦስተኛው ያዘችው።

«ከማን እንደተማረችው ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ሮሳ ከባሏ እናት ተምራው ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ገበያ ያገኙትን የባሕር ማዶ ጨርቅ አይተው ነው። እኔ መጀመሪያ የፈጠረውን ሰው ለማግኘት «ከዚያ በፊትስ?» እያልኩ አደከምኳት፤ አላወቀችም። ወደ እናቴ ዞሬ መስቀሉንስ ከማን እንደወሰደችው ጠየቅኋት።

«ከእትዬ ዘነበች ነጠላ ላይ ነው» አለች ትንሽ አፍራ፣ «ቤተ ክርስቲያን ከኋላቸው ቆሜ ክሩን እየቆጠርኩ።»

በበጋ ሠርጉ ላይ ሴቶቹ ቀሚሱን እየዳሰሱ የየት አገር ጥልፍ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ እናቴ «አበባው የሷ ነው» እያለች አጠገቧ የተቀመጠችውን ሮሳን ታሳያቸው ነበር። በጋው ሳይወጣም ሮሳ የእናቴን መስቀል፣ እናቴ በሕይወቷ አንድ ላይ በማታደርጋቸው ሮዝና ብርቱካን ክሮች፣ የገበታ ጨርቋ ጠርዝ ላይ ጠለፈችው።

ዛሬ ሳንታ ክላራ ውስጥ ለስልክ መተግበሪያዎች ምስል እሠራለሁ፤ ሁልጊዜ የምነሣው ሌላ ሰው ከሠራው ነው። ያኔ ከማን እንደወሰድን እናውቅ ነበር፣ የሰጠንም ሰው ከእኛው ይወስድ ነበር። አሁን ከስንት ሰው እንደምበደር አላውቅም፤ የማላውቃቸው ሰዎች የእኔን ወስደው ምን እንዳደረጉበት ግን ማየት እወዳለሁ።