አልተኩስም ያለችው ስድስት ጎራሽ

ፍቅረ ሥላሴ ካሣ ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ብርድ ልብስ ሸለመው። ሰመራ ላይ ብርድ ልብስ ምን እንደሚሠራ ሸላሚዎቹም አላሰቡበት፣ ተሸላሚውም እጅ ነስቶ ተቀበለ። በሳምንቱ ደግሞ የሚኖርበትን የመንግሥት ቤት በሦስት ወር ውስጥ እንዲያስረክብ የሚል ደብዳቤ ደረሰው። መሥሪያ ቤቱ ከአሳይታ ወደ ሰመራ ሲዛወር ፋይሎቹን በጭነት መኪና ጭኖ፣ እላያቸው ላይ ተቀምጦ የመጣ ሰው ነው። ዕድሜውን በመዝገብ ቤት አቧራ ጨርሶ፣ በስልሳ ዓመቱ የት እንደሚያድር ጠፋው። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር፤ ሚስቱ ሙቀቱን አልቻልኩትም ብላ በሁለተኛው ዓመት ወደ ደሴ ተመለሰች። ልጅ የለውም።

ያለው ሽጉጥ ነው። እጀታዋ ጥቁር እንጨት የሆነ አሮጌ ስድስት ጎራሽ። አባቱ ባሻ ካሣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ዘበኛ ሳሉ፣ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪክ ነጋዴ በሦስት ወር ደመወዛቸው ገዟት። ፍቅረ ሥላሴ ፈቃዷን በጊዜው ያሳድሳል፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከዳዊቱ ጋር በአንድ ሣጥን ያስቀምጣታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ይስቁበታል፤ የአባት ቅርስ ሆናበት ነው ብለው የሚያዝኑለትም አሉ። ሁለቱም አልገባቸውም። ፍቅረ ሥላሴ ያቺን ሽጉጥ የሚያከብራት አንድ ቀን አልተኩስም ስላለች ነው።

ባሻ ካሣን የገደላቸው ጎረቤታቸው ተክለ ማርያም ነው። ጠቡ በቦኖ ውሃ ወረፋ የተነሳ ነበር፤ ሰው የሚሞትበት ነገር አልነበረም። ተክለ ማርያም በያዘው ብረት አንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን መታቸው፣ እሱው በቃ። ፍርድ ቤቱ አስቦ አይደለም ብሎ አምስት ዓመት ፈረደበት። እነዚያን አምስት ዓመታት ፍቅረ ሥላሴና ታናሽ እህቱ ንጋትወርቅ በአባታቸው ቤት አብረው ኖሩ፤ ቤቱም ሽጉጧም ሳይከፈሉ ቆዩ። ተክለ ማርያም ተፈቶ አዳይቱ ላይ ጎሚስታ ቤት ከፈተ፣ ጎማ ይጠግናል የሚለው ወሬ በመጣ ሳምንት ግን፣ ፍቅረ ሥላሴ ሽማግሌ ሰብስቦ ውርሳችንን አካፍሉን አለ።

ታላቅ ይከፍላል፣ ታናሽ ይመርጣል። ከፋዩ ለራሱ እንዳያደላ የተበጀ የቆየ ደንብ ነው፤ እንደ ፍቅረ ሥላሴ ያለ ከፋይ ይመጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። በአንድ ወገን ቤቱን፣ ግቢውን፣ ዕቃውን ሁሉ፣ ሁለቱን ፍየሎች ጭምር አደረገ። በሌላው ወገን ሽጉጧን ብቻ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ “ልጄ፣ ሚዛን ታውቃለህ?” አሉት።

“አውቃለሁ አባቴ። ለእኔ እኩል ነው።”

ምን እንደፈለገ ለሁሉም ገብቷቸዋል። የአባቱ ገዳይ በሰላም ወጥቶ ሲገባ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ልጅ በሰፈር ምን እንደሚባልም ያውቃሉ። ስለዚህ ዝም አሉ፤ ሽማግሌ ዝም ማለት በማይገባው ቦታ ዝም ሲል ከዚያ የከፋ የለም። ንጋትወርቅ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። “ሦስት ቀን ላስብበት” አለች። በሦስተኛው ቀን ቤቱን መረጠች፤ ሽጉጧን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አድርጋ ለወንድሟ ሰጠችው።

በማግስቱ ፍቅረ ሥላሴ አዳይቱ ወረደ። ተክለ ማርያም ጀርባውን ሰጥቶ የከባድ መኪና ጎማ ላይ አጎንብሷል። የንፋስ መሙያው ሞተር ያጓራል። ፍቅረ ሥላሴ አምስት እርምጃ ያህል ቀርቦ ምላጩን ሳበ፤ ቀጭ አለች። ደግሞ ሳበ፤ ቀጭ። ሰውዬው ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ምንም አልሰማም። ዞር ሲል ሽጉጧ ኮት ውስጥ ገብታለች፣ ፀሐይዋም ከፍቅረ ሥላሴ ኋላ ስለነበረች ፊቱን አልለየውም።

“የሚነፋ ጎማ አለህ ወንድሜ?”

“የለኝም” አለ ፍቅረ ሥላሴ።

መንገድ ላይ ባገኘው የጭነት መኪና ተሳፈረ፤ መኪናው አሳይታ አደረሰው። እዚያ ለአንድ ቄስ ተናዘዘ። ቄሱ ቀኑን ጠየቁት፤ ሃያ ሁለት ነበር። “ኡራኤል ነው የያዘህ ልጄ” አሉት። ፍቅረ ሥላሴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። መጠጥ ተወ። በየወሩ በሃያ ሁለት ጧፍ ያበራል። የተጣላ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም አፋሩም፣ አስታርቀን ብሎ እሱ ዘንድ ይመጣል፤ እሱም የአንዱን ቁጣ በሌላው ትዕግሥት እያበረደ ስንት ቤት ከደም አድኗል። ተክለ ማርያም ከሃያ ዓመት በኋላ በሕመም ሲሞት ለቅሶው ላይ ተቀመጠ። ዕድገት ሲዘለው፣ ሚስቱ ስትሄድ፣ ብርድ ልብስ ሲሸለም ሳይቀር አልከፋውም። መልአክ ለእኔ ብሎ እጁን ዘርግቷል ብሎ የሚያምን ሰው በትንሽ ነገር አይከፋውም።

አሁን ግን ጣሪያ ያስፈልገው ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ካሊድ፣ የልብ ወዳጁ፣ አንድ ቀን በር ላይ አስቁሞ፣ “ፍቅሬ፣ ገላፊ ላይ የጭነት መኪኖች ያሉት ሰው አውቃለሁ። የድሮ መሣሪያ ይወዳል። ወላሂ፣ ለዚያች ሽጉጥህ ሁለት መቶ ሺህ ይሰጥሃል። ግን በሕግ፣ ፖሊስ መርምሮ ሲያዛውራት ነው የምቀበለው ይላል” አለው። ሁለት መቶ ሺህ ሎጊያ ላይ አንድ ክፍል ያስገኝለታል። ፍቅረ ሥላሴ ሁለት ሳምንት ተጨነቀ። መልአክ የዳሰሳትን ዕቃ ለመሸጥ ይሉኝታ ያዘው። በመጨረሻ፣ ያኔ ከእስር ቤት ያተረፈችኝ ዛሬ ከጎዳና ብታተርፈኝ ምን ነውር አለው ብሎ ራሱን አሳምኖ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

መሣሪያ የምትመረምረው ሳጅን ሂያም የምትባል ወጣት ናት። ሽጉጧን ከፍታ በመብራት አየችና ቀና አለች።

“አባቴ፣ በዚች ተኩሰው ያውቃሉ?”

“አላውቅም።”

“መተኮስም አትችልም። ይኸውልዎ፣ ጥይቱን የሚመታው ጫፍ የለም። ተሰብሮ እንዳይባል ልስልስ ብሏል፤ ሰው ሆነ ብሎ በሞረድ ፈትጎ የጨረሰው ነው። ቆይቷል ደግሞ፣ ዝገቱን ያዩታል።”

ፍቅረ ሥላሴ መነጽሩን አድርጎ አየ። ከአዳይቱ ወዲህ፣ ድፍረት እንዳይሆንብኝ ብሎ፣ ውስጧን ከፍቶ አያውቅም። ከዚያ በፊት ደግሞ ሽጉጥ በእጁ ይዞ አያውቅም፤ የምታጸዳትና ለአባቷ ዘይት የምትቀባላቸው ንጋትወርቅ ነበረች።

“ምን ታወጣለች ታዲያ?” አለ።

“ብረት ናት አባቴ” አለችው ሂያም፤ አዝናለት ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ወጥቶ ፀሐይ ላይ ቆመ። የሁለት መቶ ሺውን ነገር እዚያው ረሳው። ያ ሁሉ ጧፍ፣ ያ ሁሉ ጾም ለሞረድ ነበር? አዳይቱ ላይ እሱን የተመለከተ ማንም አልነበረም ማለት ነው? አባቱ የሞቱ ቀን እንኳ እንዲህ ብቻውን የቀረ መስሎ አልተሰማውም።

በማግስቱ አውቶብስ ተሳፈረ። ሚሌን፣ አዳይቱን፣ ገዋኔን ሲያልፍ በመስኮት አላየም፤ ሦስት ቀን ላስብበት የሚለው የእህቱ ቃል ጆሮው ላይ ነበር። አዋሽ ሲደርስ ንጋትወርቅ ለሾፌሮች የምታከራያቸው ክፍሎች ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አጎበር ትሰፋለች። ተነሥታ አቀፈችው።

“ጡረታ መውጣትህን ሰማሁ እኮ። የጓሮውን ክፍል አስለቅቄልሃለሁ። ኪራይ ምናምን ብትል ግን እንጣላለን፤ የአባትህ ቤት ነው” አለችው። ፍቅረ ሥላሴ ለመለመን ያፈረበት ጣሪያ ሳይለምን ተሰጠው፤ ደስታውን ግን ከየት ያምጣው። ሽጉጧን አውጥቶ አጎበሩ ላይ አስቀመጠ።

“ይህን ማን ሞረደው?”

ንጋትወርቅ አልደነገጠችም። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ “እስከ ዛሬ አላየኸውም ጋሼ?” አለች። “እኔ ነኝ። በአባባ ሞረድ ሦስት ቀን ፈተግኩት። ብደብቃት ሌላ ትፈልጋለህ፣ ብከለክልህ ትጣላኛለህ። በጄ ሌላ ምን ነበረኝ?”

ፍቅረ ሥላሴ አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም ቀጠለች።

“ያስለቀሰኝ የኋላው ነው። አዳይቱ ደርሶ፣ ሰውየውን አይቶት፣ እንዲሁ አልፎ አሳይታ ገባ አሉኝ። ዶሮ እንኳ ማረድ የማይሆንለትን ወንድሜን ምን ብዬ ጠረጠርኩት ብዬ፣ ስንት ጊዜ ንስሐ ገባሁበት መሰለህ። ለልጆቼም የምነግራቸው ይህንን ነው። አጎታችሁ ደመኛውን በእጁ አግኝቶ የተወ ሰው ነው እላቸዋለሁ።”

እዚህ ላይ ዝም ቢል ሁሉም ይቀርለት ነበር። ክፍሉ ተጠርጓል፣ እህቱ ትወደዋለች፤ ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ብሎ ውሃ ይጠይቅ ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ግን ሠላሳ ዓመት የኖረበት ነገር ትናንት ከእጁ ወጥቷል፤ ያልሆነውን መባል ከዚህ በላይ አልቻለም።

“ስቤዋለሁ” አለ።

“ምኑን?”

“ምላጩን። ከጀርባው ቆሜ። ሁለት ጊዜ።”

ንጋትወርቅ እጇን ከአጎበሩ ላይ አነሳች። አስፋልቱ ላይ አንድ ባለተሳቢ መኪና እየተንፏቀቀ እስኪያልፍ፣ ክፍል ሊከራይ እንደመጣ የማታውቀው ሰው አድርጋ አየችው።

“የመጀመሪያው ንዴት ነው እንበል” አለች በመጨረሻ። “እምቢ ስትልህስ? ሁለተኛውን ለምን ሳብከው ጋሼ?”

ቄሱ ቀኑን እንጂ ይህን አልጠየቁትም ነበር፤ ፍቅረ ሥላሴም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።