ሰማያዊዋ ጂፕ

ትናንት ጎረቤቴ የግቢውን የብረት በር ሊቀባ ቀለሙን በአኳራጅ ሲያቀጥን ሽታው በመስኮት ገባና ምሳዬን አስተወኝ። አዳማ መሆኔን ረሳሁት። አሰብ ጉምሩክ ግቢ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ቆምኩ።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ ያኔ የማውቀው አንድ ሰው ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያው መካኒክ። ደሞዙን በአሮጌ የጦር መኪና የሚጨርስ ሰው ነበር። ቤቱ ግቢ ውስጥ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ ሞተር ሳይክልና አፍንጫው ብቻ የተረፈ ካሚዮን አስቀምጦ በየሳምንቱ ይወለውላል። ሰዉ “ቆራሌው” ይለው ነበር። አይቀየምም። “ቆራሌው ይሸጣል፤ እኔ መቼ ሸጥኩ?” ይላል እየሳቀ።

አባቱ በንጉሡ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበሩ። በልጅነቱ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ መሪ የያዘባትን ዓይነት ጂፕ ሲፈልግ ኖሮ፣ አንድ የወሎ ነጋዴ ኤደን ውስጥ አገኘለት። በጭነት ጀልባ፣ በሩዝ ጆንያ ተከብባ መጣች። እዚያ ዓሣ ሲያመላልሱባት ስለኖሩ ሰማያዊ ቀብተዋታል። ሽታዋ ከእሷ ቀድሞ ወረደ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ ግን ዞራት፣ ኮፈኗን ዳበሰ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወረቀቷን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “አሮጌ ጂፕ፣ የግል፣ ቀለም ሰማያዊ።” ያን ጊዜ ግለሰብ የጦር መኪና ከውጭ ላስገባ ቢል ማን ይሰማዋል? የሚያሳልፋት ያ የዓሣ ቀለም ብቻ ነበር። የጉምሩክ ተቆጣጣሪው በቀጣዩ ሰኞ አይቷት እስኪፈርም አንድ ሳምንት ጉምሩክ ግቢ ውስጥ መቆየት ነበረባት።

አሰብ በቀትር በሩን ዘግቶ ይተኛል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ያቃጥላል። እሱ ግን ዘበኛውን አስፈቅዶ፣ በሽርጥና በካናቴራ ሆኖ ሞተሯን ይፈታታል። እኔ በፔርሙዝ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤለት እሄዳለሁ። ለውሃው ብቻ አልነበረም የምሄደው። አሁን ምን አሳፈረኝ፤ እወደው ነበር። “ስትወጣ መጀመሪያ የምንሄደው በይሉል ነው፤ አንቺ ከፊት” ብሎኛል። በይሉል ከአሰብ ወጣ ብላ ያለች የባሕር ዳር መንደር ናት።

ማክሰኞ ጨው የበላውን ጎኗን ሲፈገፍግ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴው ብቅ አለ። አረንጓዴው ላይ የደበዘዘ ነጭ ቁጥር። “ታይፒስቷ! ነይ እዪ!” ብሎ ጮኸ። ሄጄ አየሁ። ከዚያ ምን ብል ጥሩ ነው? “ታዲያ አባትህ የነዷት ሰማያዊ ነበረች እንዴ? ምነው የዓሣ ነጋዴ መሰልክ?”

ለጨዋታ ያልኩት ነው። እሱ ግን ቁጥሩን በሽርጡ ጫፍ ይወለውል ጀመር።

በማግስቱ አረንጓዴ ቀለም ተገዝቶ ነበር። “የሚያዩት የሞተር ቁጥሯን ነው” አለኝ፤ ማመን ፈልጌ ስለነበር አመንኩት። እስከ ቅዳሜ ቀባት። ነጩን ቁጥር በትንሽ ብሩሽ ያጎላሁት እኔ ነበርኩ። ቀለም ግንባሬን ሲነካኝ ጨርቁን በአኳራጅ ነክሮ፣ ዓይኔ እንዳይገባ በሌላ እጁ እየከለለ ጠረገልኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎኝ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ። ወረቀቱን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

“ሰማያዊ ነው የሚለው።”

“ነበረች፣ ጓድ።”

“ይቺ የጦር መኪና ናት። ማነው ቀባት ያለህ?”

አፌን ልከፍት ስል እሱ ቀደመኝ። “ማንም። ራሴ ነኝ።” ወደ እኔ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ሊወስዷት መጡ። አልነሣም አለቻቸው። ገፏት፣ ሰደቧት፣ አልሆነም። በመጨረሻ እሱው ገብቶ አስነሣላቸው። ከዚያ ወርዶ ቦታውን ለአንድ ወጣት ወታደር ለቀቀና፣ “ቤንዚን አታብዛባት፣ ትታፈናለች። ስትግል ደግሞ አሳርፋት” ሲለው ሰማሁ። አቧራዋ እስኪጠፋ ቆመን አየናት።

ከወር በኋላ ወደ ሌላ ከተማ አዛወሩት። ሊሰናበተኝ ቢሮ መጥቶ “በይሉልን አልረሳሁም” አለኝ። ስለዚያች የማክሰኞ ቀልዴ ይቅርታ ልጠይቀው ስንት ቀን ሳስብ ከርሜ፣ ሰው ሞልቶ ስለነበር “በሰላም ግባ” ብቻ አልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በይሉልንም ሳላያት ቀረሁ።

እንግዲህ ትናንት ጎረቤቴ ብሩሹን እንደያዘ ጠራኝ። “እትዬ፣ አረንጓዴ ላድርገው ወይስ የድሮውን ሰማያዊ ልድገመው? የቱ ይሻላል?”

“እኔ ስለ ቀለም አልናገርም፣ ልጄ” አልኩት።

ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት።